የሠላሳ ወር ወንድም

ድሬዳዋ ውስጥ የሰው አሮጌ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በራሱ ቤት አይደለም። በሚዜው፣ በጎረቤቱ፣ በሥራ ባልደረባው ቤት ነው። ድሮ ስቱዲዮ ገብቶ የተነሣ ሰው ሁለትም ሦስትም ቅጂ ያሳጥብና አንዱን ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወዳጆቹ ይሰጣል። ወዳጆቹም የየራሳቸውን ይሰጡታል። ስለዚህ የአንድን ቤተሰብ አልበም ስትገልጡ ከቤቱ ሰዎች ይልቅ የውጭ ሰው ይበዛል፤ የምድር ባቡር ቆብ ያጠለቀ ጎረምሳ፣ ወደ ጅዳ ከመሄዷ በፊት የተነሣች አብሮ አደግ፣ ማን እንደሆነ አሁን የማይታወቅ ሙሽራ። እንግዲህ አንድ ቤት አልበሙ ቢቃጠልበት ወይም ጎርፍ ቢወስድበት ታሪኩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ነው። በሌሎች ሰዎች ሳጥን ውስጥ ተበትኖ ተቀምጧል፤ የሚሰበስበው ሰው ነው የጎደለው።

ይህን ያስተማሩኝ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የከተማቸውን አሮጌ ፎቶዎች የሚሰበስቡ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። አንዱ መምህር ነው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ ሌላው ቀን ባጃጅ ነድቶ ማታ ይመጣል። የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ይሰበሰቡና መብራት እስኪጠፋ ወይም እንቅልፍ እስኪጥላቸው ይሠራሉ። ያላቸው ዕቃ አንድ ስካነር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ ሆን ብለው ሳቢያን ሰፈር ያለ ቤት ያስቀምጡታል፤ እሳት ወይም ጎርፍ ቢመጣ ሁለቱን በአንድ ሌሊት እንዳያገኛቸው።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ፎቶውን ከባለቤቱ አይቀበሉም። ባለቤቱ አልበሙን ይዞ ይመጣል፣ ወይም እነሱ ስካነሩን ተሸክመው ቤቱ ይሄዳሉ፤ ፎቶው ከአልበሙ የሚወጣው በባለቤቱ እጅ ነው፤ የሚመለሰውም እንደዚሁ። ልጅቷ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ትጠርጋለች። ጨርቅ አታስነካውም፤ ውሃማ አይታሰብም። ተራውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ፣ የጉርድ ፎቶ የሚያህለውን ትንሹን ደግሞ በ1200 ታነሣዋለች። ዋናው ፋይል በቲፍ ይቀመጥና ማንም አይነካካውም፤ ስንጥቁም፣ የሻይ ጠብታውም፣ የምስጥ ቀዳዳውም እንዳለ ይቆያል። ለሰው የሚላከው ከእሱ የተቀዳው ቀላሉ ጄፔግ ነው። ፍሬም ውስጥ ሆኖ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካጋጠማቸው አይልጡትም፤ ከነመስታወቱ ያነሡታል። ከዚያ ፎቶው ይገለበጣል። ከሕጎቻቸው ሁሉ የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ጀርባው ያልተነሣ ፎቶ እንደተነሣ አይቆጠርም። የስቱዲዮው ማኅተም፣ ቀኑ፣ የሰጪው ስም፣ አንዳንዴም በሕፃን እጅ የተሞነጫጨረ ነገር ያለው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የባጃጁ ልጅ ስልኩን ቀረጻ ላይ አድርጎ ባለቤቱን ይጠይቃል። «ይሄ ማነው? ይቺስ? የት ነው የተነሡት? ማን ሞቶ ነው ጥቁር የለበሱት?»

በአገራችን የፎቶ ክምችት የለም ማለት አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ይዟል። የቦያጂያን ቤተሰብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሣቸው ፎቶዎች በየመጽሐፉ ታትመዋል። ነገር ግን እዚያ የምናየው ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ቆንሲሉን ነው። የዕቃ ባቡር ፍሬን ያዥ ፊት ከቤተሰቡ አልበም በስተቀር የትም አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የነዋሪውን የቤት ፎቶ ሰብስበው መጽሐፍ ያሳተሙ ወጣቶች ይህን ክፍተት ቀድመው አይተውታል። የድሬዎቹም ሥራ ከዚያው ወገን ነው፤ ማንንም ሳይጠብቁ በራሳቸው ጀመሩት።

ወደ እነሱ የሄድኩት አንድ ፎቶ ይዤ ነው።

ፎቶው የእናቴ አባት ነው። እኔ ስወለድ ሞተው ነበር፤ ቤት ውስጥ «አባባ» ነው የምንላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጨለም ያለ ኮት ለብሰው የባቡር ሠራተኛ ቆብ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ በተመሳሳይ ወንበር፣ ሸሚዝና ሽርጥ የለበሰ፣ ራሱ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ተቀምጧል፤ ዕድሜው ከአባባ ጥቂት ከፍ ይላል። ወገቡ ላይ የቁልፍ እስር ይታያል። እጁ አባባ ትከሻ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ የገባ ሰው ደርቆ ነው የሚነሣው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ ነገር ተባብለው ስቀው ገና ሳቁ ከፊታቸው ሳይወርድ የተነሡ ነው የሚመስሉት።

ከቤታችን ፎቶዎች የተረፈው ይህ ብቻ ነው። አክስቴ ትኖርበት የነበረው የአያቴ ቤት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ፤ ከ200 በላይ ሰው በዚያ ሌሊት ሞተ። አክስቴን ጎረቤት በጣራ አወጣት። ሳጥኑን ከቀናት በኋላ ከጭቃ ውስጥ ሲያወጡት አልበሙ ወደ አንድ ቁራጭ ተጣብቆ ነበር። ይህ ፎቶ የተረፈው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከአያቴ የጸሎት መጽሐፍ ጋር ስለነበረ ነው። እሱም ቢሆን ውሃ ነክቶታል። ከጀርባው በብዕር የተጻፈው ቀለም ፈስሶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ከሁሉ የሚነበበው «ሠላሳ ወር» የሚለውና ከታች «የካቲት 1935» የሚለው ነው።

ሠላሳ ወር ምንድን ነው? ያ ሰውስ ማነው? ቤተሰባችን ውስጥ መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አጎቴ፣ ሁለቱ በጣሊያን ጊዜ አብረው ሠላሳ ወር ታስረዋል ይል ነበር። እናቴ የንግድ ሸሪካቸው ሳይሆን አይቀርም ትላለች። አክስቴ ደግሞ የጡት ወንድም ናቸው ብላ ታምናለች። የሚያውቀው የአባባ ሚስት፣ እኛ «እምዬ» የምንላት አያቴ ነበረች። እሷ ግን ስሙን ጠርታ አታውቅም። «ባለውለታችን» ብቻ ነው የምትለው። በዚያ ጊዜ የነበሩት ሁለቱ ታላላቅ ልጆቿ እኔ ሳልወለድ አርፈዋል። እናቴና ታናናሾቿ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስትወጣ እኔን ይዛኝ ትሄድ ነበር። አዳራችን መንገድ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ሸንኮራ እየበላ፣ ስለቱን ተሸክሞ፣ እየዘመረ ይወጣል። እምዬ ሁለት ጧፍ ትይዛለች፤ አንዱ የቤቷ ነው። ሁለተኛውን ለማን እንደሆነ ጠይቄያት «ለባለውለታችን» አለችኝ። «ክርስቲያን ነው?» ብላት «አይደለም። ገብርኤል ይለያል እንዴ?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። አንድ ሌላ ነገርም ትል ነበር፤ «በሩ የተከፈተው በገብርኤል ቀን ነው»። እስር ቤት ነው የሚለው አጎቴ ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰው ነበር። በር ተከፈተ ማለት የወህኒ በር ተከፈተ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ግን ቀኑ አይገጥምም። ጣሊያን ድሬዳዋን የለቀቀው መጋቢት 20 ቀን 1933 ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሲገቡ ነው። ፎቶው የተነሣው በየካቲት 1935፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከወህኒ የወጡ ሰዎች መውጣታቸውን ለማስታወስ ያን ያህል ጊዜ ለምን ይጠብቃሉ? ይህ ጥያቄ ነው እረፍት የነሣኝ። አዲስ አበባ ባሉ መዛግብት ስለ ምድር ባቡር ብዙ አነበብኩ። ባቡሩ ስለጫነው ቡናና ቆዳ፣ ስለ ኩባንያው ዳይሬክተሮች፣ ስለ ድልድዮቹ ብዙ ተጽፏል። እንደ አባባ ስላለ አንድ ፍሬን ያዥ ግን የተጻፈ አላገኘሁም።

ድሬ ስደርስ ልጅቷ ፎቶዬን ተቀብላ ሳይሆን እኔው እጅ ላይ እያለ አየችው። ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ አነሣችው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልታ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና መምህሩን ጠራችው። ክምችታቸው ውስጥ ከተዘጋ ስቱዲዮ ዕቃ ቤት ያገኙት አንድ ሳጥን የመስታወት ኔጋቲቭ አለ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት አንዱ ከፎቶዬ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ባለ ሽርጡ በሌላ በኩል ነው፣ የዘረጋውም ሌላኛውን እጁን ነው። ሌላ ፎቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እትዬ፣ የኮቱን ቁልፎች ይዩዋቸው» አለችኝ።

የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው የሚቆለፈው። ኔጋቲቩ ላይ የአባባ ኮት በተቃራኒው ነው። ጉልበታቸው ላይ ያለው ቆብ ዓርማ ሲጎላ ፊደላቱ ወደኋላ ይነበባሉ። መስታወቱ ሲነሣ የሚያብለጨልጨው ገጽና ደብዛዛው ገጽ ተቀያይረዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ተገልብጦ ገብቷል፤ በመዝገባቸውም «ማንነታቸው ያልታወቀ ሁለት ሰዎች» ተብሎ ተቀምጧል። መምህሩ በአንድ ጠቅታ ገለበጠው። ፊደላቱ ተስተካከሉ፤ እጁም አባባ ትከሻ ላይ እንደ ፎቶዬ ሆነ። በውሃ ያልተበላሸ፣ ጥርት ያለ የአባባ ፊት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የእናቴ ቅንድብ የእሳቸው ነው።

ኔጋቲቩ የተጠቀለለበትን ወረቀት አልጣሉትም ነበር። እሱንም ከነቅዳዱ አንሥተውታል። በፈረንሳይኛ፣ በእርሳስ፣ የአንድ ሰው ስም፣ «መጋላ» የሚል ቃልና «2» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ሁለት ቅጂ ታጥቧል ማለት ነው። አንዱ የእኛ ነው። የባንኳ ልጅ ያደገችው መጋላ ነው፤ የቤተሰቡን ስም አወቀችው።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ከአቅም በላይ ውድ ሆኖ መስመሩ ቆላውን ይዞ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ተራራው ግርጌ የተቆረቆረችው ጣቢያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ገና ከዐሥር ዓመት በላይ ቀርቶት ነበር። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ከዚራ፣ የኩባንያው ሹማምንት ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ጥላ የሠሯት፤ በሌላው ወገን መጋላ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ አማራው፣ ሕንዱ የሚገበያይባት። ባቡር ሠራተኛው ደመወዙን ከከዚራ ተቀብሎ መጋላ ያወጣዋል። አስቤዛ በዱቤ ነው፤ ሂሳብ የሚዘጋው ወር ሲደርስ ነው። ከተማዋ የቆመችው በዚህ ደብተር ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

በጠባቧ የመጋላ መንገድ ገብተን አንድ ግቢ ደረስን። የተቀበሉን የቤቱ ሽማግሌ፣ ሀጂ፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውን ሻሂ በቅመም ቀረበ። ልጅቷን በዓረብኛ፣ የቤት ሠራተኛዋን በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ ያናግራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትንፋሽ እንኳ አይወስዱም።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የአባባን ስም ነገርኳቸው። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ እምዬ ነው። «ሴትዮዋ ሞቱ?» አሉ። ሞታለች አልኳቸው። «አላህ ይማራቸው» ብለው ተነሡና ከውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አልበም ይዘው መጡ። ከወፍራሙ ገጽ ላይ ፎቶውን በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡት። ያው ፎቶ ነው። ገለበጡትና ለእኔ አስጠጉልኝ፤ «አንብቢው። እኔ አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ አልተማርኩም» አሉ።

የአባባ ጽሕፈት ነው፤ የእኛው ላይ ካለችው «ሠላሳ» ጋር ፊደሉ አንድ ነው። የሚለውም እንዲህ ነው፤ «ሠላሳ ወር ልጆቼን ላበላህልኝ ለወንድሜ። አንተ አትቀበለኝም፣ እግዚአብሔር ይክፈልህ። የካቲት 1935።»

ሀጂ ሲነበብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። በፎቶው ያለው የአባታቸው ወንድም ነው፤ ሱቅ ነበረው። «የናንተ አባት ባቡር ይዘው ጅቡቲ ወረዱ። በዚያው ቀሩ። ሴትዮዋ ሁለት ልጅ ይዘው ሱቅ መጡ፤ ‹ባሌ እስኪመለስ በዱቤ ስጠኝ› አሉ። አጎቴ ደብተር አውጥቶ የመጀመሪያውን ጻፈ። ከዚያ መስጠቱን እንጂ መጻፉን ተወው። ወላሂ፣ ለሱም ጊዜው ክፉ ነበር፤ ሱቁ ግማሹ ባዶ ነው።» አባባ ሲመለሱ ገንዘብ ቋጥረው ወደ ሱቁ ሄዱ፤ ደብተሩ ይምጣ አሉ። ደብተሩ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ተከራከሩ፤ አባባ ካልከፈልኩ አልሄድም አሉ። በመጨረሻ ባለ ሱቁ «እንግዲያው ፎቶ አብረን እንነሣና የፎቶውን አንተ ክፈል፤ በዚያ ዕዳው ያልቃል» አላቸው። ስቱዲዮ ገብተው የሚስቁት ከዚህ ክርክር በኋላ ነው።

ቤት ተመልሼ ቀኑን አሰላሁት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ጣሊያን በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ። በአንድ ቀን ውስጥ የጅቡቲ ወሰን የጦር ግንባር ሆነ። ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ ጅቡቲ ለጀርመን ባደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት እጅ ገባች፤ እንግሊዝም በባሕር ዘጋባት። በ1933 እንግሊዝ ድሬዳዋን ሲይዝ ደግሞ በየብስም ተከበበች። ከተማው ውስጥ ረሃብ ገባ። ከድሬ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው መንገድ፣ አባባ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት መንገድ፣ ተዘጋባቸው። እንዲያው እሳቸው እዚያ ይራባሉ፤ ልጆቻቸው እዚህ በሰው ሱቅ ያድራሉ። ከበባው ያበቃው ጅቡቲ ወደ ነፃዋ ፈረንሳይ ወገን እንድትገባ ስምምነት ሲፈረም ነው። የተፈረመበት ቀን በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 28 ቀን 1942 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 1935 ሆነ።

የቁልቢ ገብርኤል ቀን ነው። ከሰኔ 1932 እስከ ታኅሣሥ 1935 ሠላሳ ወር ነው።

እምዬ ስለ ፊርማው በዚያው ቀን ሰምታለች አልልም። ወሬው ድሬ የደረሰው ቆይቶ ነው የሚሆነው፤ ቀኑን ከስለቷ ጋር ያገጣጠመችውም ኋላ ላይ ይሆናል። በሩ የተከፈተው በገብርኤል ቀን ነው ስትል ግን ስለ ወህኒ አልነበረም። የተከፈተው ጅቡቲ ነው። አጎቴ ይህን ሳይሰማ ማረፉ ይቆጨኛል።

ሀጂን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ እምዬ ስሙን ለምን ደበቀች? መልሳቸው አጭር ነበር። «አጎቴ አስምሏቸው ነው። ሰደቃ ከተወራ ምን ቀረው? አንቺም እንዳትጽፊው።» ባለ ሱቁ በኋላ ወደ ኤደን ተሻግሮ እዚያው ሞተ። ሀጂ ፎቶው ፊትና ጀርባው እንዲነሣ ፈቀዱ፤ ስሙ ግን ለሰው እንዳይታይ አሉ። ወጣቶቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል። መዝገቡ ላይ የአባባ ስም በግልጽ ተጽፏል፤ የባለ ሱቁ ዝግ ነው፤ በቦታው «በቤተሰቡ ጥያቄ የተያዘ» ይላል። እኔም እዚህ ያልጻፍኩት ለዚያ ነው። ታሪክ መጠበቅ ሁሉን ማውጣት ብቻ አይደለም፤ የሰውን አደራ መጠበቅም ነው። ይህን የተረዱ ልጆች እጅ ላይ በመውደቃችን ዕድለኞች ነን።

ክምችታቸው ውስጥ ሌላም ብዙ ነገር አየሁ። ፊቱ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ሰው ያለባቸው ፎቶዎች አሉ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ዳርቻ ሲደርስ፣ ቀጥሎም በቀይ ሽብር፣ ሰው በፍርሃት የወንድሙን ፊት ሳይቀር ቆርጧል፤ የተቀበረና የተቃጠለ አልበም ስንት እንደሆነ የሚቆጥረው የለም። ወጣቶቹ ቀዳዳውን እንዳለ ያነሡታል። ከዚያ የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ በሌላ ሰፈር ይፈልጋሉ። እስካሁን ከነዚህ ፊቶች አንዳንዶቹ ለገሀሬ ካለ ቤት፣ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ካለ የልጅ ልጅ ስልክ፣ አንዱ ከጅቡቲ ተገኝተዋል። ጊዜው ግን አጭር ነው። የአሮጌው ሐዲድ ዘመን አልፏል፤ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ከከተማው ውጭ ነው የሚቆመው። በአሮጌው ሐዲድ ላይ የሠሩት ሰዎች እያለቁ ነው። የፎቶ ወረቀት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ዘንድሮም ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የድሬ ልጆች፣ አገር ቤትም ሆናችሁ በጅዳ፣ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ አልበማችሁን አውጡና ፎቶዎቹን ገልብጡ። የማታውቁትን ፊት «እንግዳ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የሌላ ቤት የጠፋ አባት ሊሆን ይችላል። እናታችሁ ካለች አጠገቧ ተቀመጡና እየጠየቃችሁ ስልካችሁ ላይ ቅረጹ። ስሙን ከፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ በስክሪብቶ አይሁን፣ ወደ ፊት ያልፋል፣ ውሃ ሲነካውም ይፈሳል። ተጣብቆ እምቢ ያለውን አትላጡት። በስልክ የምታነሡ ከሆነ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳታበሩ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሆነ መተግበሪያው ያሳንሰውና የቆብ ዓርማ ላይ ያለ ፊደል አይነበብም።